ክረምት ገባ፣ ልጆች ቤት ናቸው፤ የተጎዳ ልጅ ከሆስፒታል ሲወጣ የማን ነው?

ሰኔ አለቀ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። እስከ መስከረም ድረስ ልጆች ቤትና ሰፈር ናቸው። ወላጅ ሥራ ይሄዳል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ለግንባታ ተቆፍሮ የተተወው ጉድጓድ ሁሉ ውሃ ይሞላል።

በዚህ ሰሞን በየዓመቱ የምናነበውን ዜና ታውቁታላችሁ። አንድ ታዳጊ ውሃ ካቆረ ጉድጓድ ውስጥ ሕይወቱ አልፎ ወጣ ይባላል። ዜናው አራት መስመር ነው፦ ዕድሜ፣ ክፍለ ከተማ፣ ሰዓት፣ መጨረሻ ላይ «ወላጆች ለልጆቻቸው ጥንቃቄ ያድርጉ» የምትል ምክር። እኛም እንደ ሌላው ገጽ ሼር አድርገን፣ «ነፍስ ይማር» ብለን እናልፋለን። ጉድጓዱን ማን ቆፈረው? ሳያጥረው ለምን ሄደ? ዘንድሮስ ተደፍኗል? ብለን ተመልሰን የጠየቅንበት ጊዜ የለም። ይሄ የኛም ጥፋት ነው።

ዛሬ ግን ማውራት የፈለግነው በዋናነት ስለማይሞቱት ልጆች ነው። ስለ እነሱ አራት መስመር ዜና እንኳን አይጻፍም። ተቃጥለው፣ ተሰብረው፣ በመኪና ተገጭተው ሕክምና አግኝተው ወደ ቤት ይመለሳሉ። «ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆኑ የሚከታተል ሰው ማነው? ብለን ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ አጭር ነው፦ እናትየው። በቃ፣ እናትየው ብቻ።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት የዓለም ሪፖርት ላይ በየቀኑ ከ2,000 በላይ ሕፃናትና ታዳጊዎች ሆን ተብሎ ባልደረሰ ጉዳት እንደሚሞቱ ገልጸው ነበር። ከነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። እዚያው ሪፖርት ላይ የሚታወቁት መከላከያዎች በሁሉም ቦታ ቢተገበሩ በቀን ቢያንስ 1,000 ልጆችን ማትረፍ ይቻል እንደነበር ተጽፏል። ማለትም ሳይንሱ አለ። አዲስ መድኃኒት እስኪገኝ የምንጠብቅበት ጉዳይ አይደለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፣ ወደሱ እንመጣለን።

ክርኑ የተሰበረው ልጅ

እስቲ አንድ ልጅ እናስብ። ስም አንሰጠውም፣ ሁላችንም ሰፈር አለ። ስምንት ዓመቱ ነው። ኳሷ የጎረቤት ግቢ ገባች፣ እሷን ለማውጣት አጥር ላይ ወጣ፣ ዝናብ ያረጠበው ቆርቆሮ አዳለጠው፣ እጁን ዘርግቶ ወደቀ። ከክርኑ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ተሰበረ። በልጆች ላይ በጣም ከሚያጋጥሙ ስብራቶች አንዱ ይሄ ነው። አደገኛ የሚያደርገው ወደ እጅ ደም የሚወስደው ትልቁ የደም ሥር ልክ በዚያ ቦታ ላይ ማለፉ ነው።

አያት «ወጌሻ ጋር ውሰዱት» ይላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወዲያው ይፈርዳል። እኛ አንፈርድም፣ ከመሃላችን ወጌሻ እጁን ያሸው አለ። ቤተሰብ ወጌሻ ጋር የሚሄደው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ወጌሻው ቅርብ ነው። ካርድ አውጡ፣ ራጅ ተነሱ፣ ነገ ተመለሱ አይልም። እያሸ ያወራል፣ ልጁን ያጽናናል። ደግሞ ሆስፒታል ከሄድን ይቆርጡታል የሚል ፍርሃት አለ። ከሁሉም በላይ ግን ብዙ ጊዜ «ይሠራል»። የልጅ አጥንት ቶሎ ይገጥማል፣ ቀላል ስብራት ማንም ብዙ ሳይነካው በሳምንታት ውስጥ ይድናል። ምስጋናው ለወጌሻው ይሄዳል። በነገራችን ላይ የእግር ኳስ ቡድን ሐኪሙን እንኳን «ወጌሻ» ብለን ነው የምንጠራው፣ ቃሉ እንደዚህ የተከበረ ነው።

አደጋው ያለው ማሰሩ ላይ ነው። የተሰበረ እጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ እብጠቱ መሄጃ ያጣል፣ ደም መድረስ ያቆማል። ከሰዓታት በኋላ ጡንቻው መሞት ይጀምራል። ከቀናት በኋላ እጁ ይጠቁራል። ሆስፒታል የሚደርሰው ያኔ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሐኪሙ ያለው አማራጭ መቁረጥ ይሆናል። ቤተሰቡም «አላልንም? ሆስፒታል ሲሄዱ ይቆርጣሉ» ይላል። ፍርሃቱ ራሱን በራሱ እንዲህ እያረጋገጠ ይቀጥላል።

ይህን ምልክት ለማንም ንገሩ፦ እጁ ወይም እግሩ የታሰረለት ልጅ ሕመሙ እየቀነሰ ካልሄደና እየባሰበት ከመጣ፣ ጣቶቹን ቀና ስታደርጉለት ከጮኸ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ «ደነዘዘኝ» ካለ ወጌሻውን አታስፈቅዱ። ማሰሪያውን ወዲያው አላልታችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ጀሶም ቢሆን ያው ነው፣ ሆስፒታል የሠራው ጀሶ ስለሆነ ተብሎ እስከ ነገ አይጠበቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የእንግሊዝ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ገጠር ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። የተደረገው ነገር ቀላል ነው፦ የአካባቢውን ወጌሾች ሰብስበው የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጧቸው። «ሥራችሁን አቁሙ» የሚል ሳይሆን እንዴት ማሰር እንዳለባቸው፣ የትኛውን ጉዳት መንካት እንደሌለባቸው፣ መቼ ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለባቸው። ከዚያ በወጌሻ ማሰሪያ ምክንያት ሆስፒታሉ ውስጥ የሚቆረጡ እጅና እግሮች ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ተቆጠሩ። ቁጥሩ በግልጽ ወርዶ ተገኘ።

አንድ ቀን ነው የፈጀው። ሕንፃ አልተሠራም፣ ማሽን ከውጭ አልመጣም። ጥናቱ ከታተመ ሁለት አስርት ዓመታት አልፈዋል። በየወረዳው ወጌሾችን መዝግቦ ይህን የአንድ ቀን ሥልጠና በየዓመቱ መስጠት መደበኛ ሥራ መሆን ነበረበት። የማን ሥራ ነው? የጤና ቢሮ? የባህል ሕክምና የሚመለከተው ክፍል? የወረዳው አስተዳደር? እንግዲህ ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው ያልነው ይሄንን ነው። ወጌሻውና ሆስፒታሉ አንዱን ልጅ ነው የሚያክሙት፣ ግን ተነጋግረው አያውቁም።

ሃያ ደቂቃ ውሃ

ሁለተኛዋን ልጅ ደግሞ እንያት። ሦስት ዓመቷ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ማብሰያውም መኝታውም እዚያው። ከሰል ምድጃው መሬት ላይ ነው፣ ድስቱ ላዩ ላይ። ተደናቀፈች፣ የፈላው ወጥ ክንዷና ብብቷ ላይ ፈሰሰ።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚደረገው ነገር የሚቀጥሉትን ዓመታት ይወስናል። ዓለም ላይ የሚመከረው አንድ ነው፦ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱ ማብረድ። በረዶ አይደለም፣ ውሃ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል አይደለም። ልብሱ ቆዳው ላይ ካልተጣበቀ ማውለቅ፣ ቀለበትና አምባር ቶሎ ማውጣት፣ ንጹሕ ጨርቅ ሸፈን አድርጎ ሌላውን የሰውነት ክፍል ሞቅ አድርጎ መያዝ።

ታዲያ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የምትኖር እናት ይሄንን ስታነብ መሳቋ አይቀርም። ሃያ ደቂቃ የሚፈስ ውሃ ከየት? ስለዚህ ምክሩ ወደኛ ቤት ሲመጣ እንዲህ መባል አለበት፦ ከጀሪካኑ በጆግ እየቀዳችሁ በቀስታ አፍስሱ፣ ውሃው ካነሰ ንጹሕ ጨርቅ ነክራችሁ ቶሎ ቶሎ ቀያይሩ። ትንሽ ዘግይቶ ቢሆንም ይጠቅማል፣ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ማብረዱ ዋጋ አለው። የትኛው ፖስተር ላይ ስለ ጀሪካን ተጽፎ አይታችኋል?

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ከያዛቸው 16 ጥቅሎች ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ አንዱ ነበር። ማለትም ቤት ለቤት የምትዞረው እህታችን ሥራ ዝርዝር ውስጥ ነገሩ ገና ከመነሻው ተጽፏል። ግን ክትባቱ፣ እርግዝናው፣ ቲቢው፣ ወባው፣ ሪፖርቱ ሁሉ እሷ ላይ ነው የተጫነው። የሚቆጠርባት ነገር ላይ ብታተኩር አይፈረድባትም።

ሌላ በፍጥነት የምናልፈው ግን ማለት ያለብን ነገር፦ ላምባ፣ በረኪና፣ የተባይ መድኃኒት በሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ አታስቀምጡ። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ከጠጣም እንዲያስመልሰው አታስገድዱት፣ በተለይ ላምባ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ላምባን ልጅ በማይከፍተው ክዳን ባለው ዕቃ አድርገው ለየቤቱ ሲያከፋፍሉ ላምባ የሚጠጡ ልጆች ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ክዳን ነው የለወጡት፣ ሌላ አይደለም።

ልጅቷ አድጋለች፣ ጠባሳው አላደገም

የተቃጠለችው ልጅ ዕድለኛ ናት እንበል። አዲስ አበባ ናት፣ ቶሎ ደረሰች። የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አለው። አቤት ሆስፒታል ደግሞ ስሙ ራሱ ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ የተቋቋመ መሆኑን ይናገራል። እዚያ ያሉት ሐኪሞችና ነርሶች በምን ዓይነት ጫና ውስጥ እንደሚሠሩ ደጃፉ ላይ አንድ ሰዓት የቆመ ሰው ይገባዋል። ቁስሏ ደረቀ፣ ቆዳ ተለጠፈላት፣ ወጣች። ወረቀት ተሰጣት፣ ቀጠሮ አለው።

ቤተሰቡ «ዳነች» ይላል። ሐኪሙም አልጋውን ለሚቀጥለው ልጅ ይፈልገዋል።

ግን የቃጠሎ ጠባሳ እንደ ሌላ ቆዳ አይደለም። ለወራት እየጠነከረና እየተኮማተረ ይሄዳል። ብብት ላይ ከሆነ ክንዷን ወደ ጎኗ ይጎትተዋል። አንገት ላይ ከሆነ አገጭን ደረት ላይ ይሰፋዋል። ጣት ላይ ከሆነ እጅ እንደ ቡጢ ይቀራል። ልጅ ስትሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል፦ እሷ ታድጋለች፣ ጠባሳው አብሯት አያድግም። ስለዚህ በየቀኑ መለጠጥ፣ ማታ ማታ በመደገፊያ ቀና አድርጎ መያዝ፣ ለወራት ፊዚዮቴራፒ መመላለስ ያስፈልጋል። ይሄ ካልሆነ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይመጣል፣ ያም ከተገኘ።

እናትየው ይሄ ተነግሯታል? ምናልባት በጥድፊያ፣ በማታውቀው ቃል፣ ለቅሶ ላይ እያለች። የቀን ሥራ ከሆነች በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ ማለት በሳምንት ሁለት ቀን ደመወዝ የለም ማለት ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣች ከሆነች ደግሞ የአውቶቡስ፣ የማደሪያ፣ ቤት የቀሩት ልጆች ነገር አለ። አንድ ቀጠሮ ትቀራለች፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ማንም ደውሎ «ለምን ቀራችሁ?» አይልም። ስልክ ቁጥሯ ግን ካርዱ ላይ ተጽፏል።

ይሄ እንደ ትንሽ ነገር እንዳይታይብን። የሕክምናው ከባድ ወጪ፣ ቀዶ ሕክምናው፣ ቆዳ ልጠፋው፣ የሐኪሙ ሌሊት ሁሉ ወጥቷል። ከዚያ አንድ የስልክ ጥሪ በማጣት ግማሹ ይፈርሳል። እኛ ዋናው ብክነት የቱ ጋር ነው ብትሉን ይሄንን ነው የምናሳያችሁ።

እጅ ወይም እግር ለተቆረጠበት ልጅ ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። ሰው ሠራሽ እግር ለአዋቂ ሲሠራ ለዓመታት ያገለግላል። ልጅ ግን ያድጋል፣ በዓመት አንዴ ገደማ መለወጥ ወይም መስተካከል አለበት። የአምስት ዓመት ልጅ አሥራ ስምንት እስኪሞላው ስንት እግር እንደሚያስፈልገው እናንተው አስሉት። የመጀመሪያዋን እግር ሲሰጡት ፎቶ ይነሳል፣ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። የአራተኛዋን ፎቶ አይተን አናውቅም።

አገራችን ውስጥ ማዕከላት የሉም ማለት አይደለም። ቼሻየር ሰርቪስስ ኢትዮጵያ መናገሻ ላይ ከስድስት አስርት ዓመታት በላይ ልጆችን ሲረዳ ቆይቷል። ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የአጥንት ችግር ያለባቸውን ልጆች በቀዶ ሕክምና ያክማል። ሰው ሠራሽ አካል የሚሠሩ ማዕከላትም በየክልሉ አሉ። ግን እነዚህ የአካል ተሐድሶ ማዕከላት ለረጅም ጊዜ የነበሩት በጤናው ሥር አልነበረም፣ በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎች ሥር ነበር። ሆስፒታሉ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ማዕከሉ በሌላ መሥሪያ ቤት። በጀቱ ለየብቻ፣ መዝገቡ ለየብቻ። ልጁ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በእናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የዓለም ጤና ጉባኤ ተሐድሶን የጤና ሥርዓቱ አካል አድርጉ የሚል ውሳኔ ማሳለፉ ይሄ የኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ያሳያል። ለኛ ልጅ ግን የሚጠቅመው ወረቀቱ ላይ «ፊዚዮቴራፒ፣ ማክሰኞ፣ እዚህ ቦታ፣ እገሌን ጠይቂ» ተብሎ ሲጻፍ ነው።

በጦርነቱ ምክንያት ትግራይ፣ አማራና አፋር ውስጥ የቀሩ ያልፈነዱ ጥይቶችና ቦምቦችም አሉ። ከብት ሲጠብቁ ያገኙትን ብረት እንደ መጫወቻ የሚነኩት ልጆች ናቸው። እዚያ ያሉ ቤተሰቦች ለሕክምናም ለተሐድሶም የሚጓዙት መንገድ ከአዲስ አበባው ጋር አይወዳደርም። ይሄ ለብቻው መጻፍ ያለበት ስለሆነ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።

2,000 ብር

መኪና የገጨው ልጅ ከሆነ ሕግ አለ። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አዋጁ ሲወጣ ለዚህ ሕክምና የተቀመጠው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ከፍተኛ ካሳ ደግሞ 40,000 ብር። ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው መኪና የሚከፍል ፈንድም አለ። ይሄንን ብዙ ወላጅ አያውቅም። ስለዚህ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን፣ የሕክምና ማስረጃውንና ደረሰኙን ሁሉ አስቀምጡ፣ የታርጋ ቁጥር ባይኖርም እንኳን።

መጠኑን ግን እስቲ በልጅ ዓይን እንየው። 2,000 ብር አዋጁ በወጣበት በ2005 ዓ.ም. እንኳን ለድንገተኛው ቀን የታሰበ ነው። ካሳውም አንዴ ተከፍሎ ያልቃል። እንዳልነው ልጁ ያድጋል፣ የሚያስፈልገውም ነገር አብሮት ያድጋል። ሕጉ የተጎዳን ሰው ሲያስብ የሚታየው ደመወዝ ያለው አዋቂ ነው የሚመስለን።

ሆስፒታሉ የሚያውቀው፣ መንገድ ሠሪው የማያውቀው

አንድ ተረኛ የድንገተኛ ክፍል ነርስ የትኛው መስቀለኛ መንገድ ልጆችን እንደሚገጭ ያውቃል። የትኛው የኮንዶሚኒየም ደረጃ መደገፊያ ብረት እንደሌለው፣ የትኛው ሰፈር ያለው የድንጋይ ካባ ልጆች እንደሚሰምጡበት ይሰማል። ግን ይሄ እውቀት ከጭንቅላቱ አይወጣም። ካርዱ ላይ «መውደቅ አደጋ» ተብሎ ይጻፋል፣ የት እንደወደቀ አይጻፍም።

ኬፕታውን ውስጥ ሬድ ክሮስ የሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አደጋ ደርሶበት የሚመጣን ልጅ ሁሉ ምን እንደጎዳው፣ የትና እንዴት እንደተጎዳ ይመዘግባል። ቻይልድሴፍ የሚባለው የልጆች ደህንነት ድርጅት መዝገቡን ይዞ ወደ ከተማው፣ ወደ አምራቹ፣ ወደ ሕግ አውጪው ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ያክመው የነበረው ቤት መከላከል ጀመረ ማለት ነው። አፍሪካ ውስጥ ነው፣ ሩቅ አገር አይደለም። ዳሬሰላምም አለች፦ አሜንድ የተባለ ድርጅት ልጆች በብዛት የሚጎዱባቸውን ትምህርት ቤቶች ለይቶ የእግረኛ መንገድ፣ የፍጥነት መቀነሻ፣ ማቋረጫና ምልክት እንዲሠራ አደረገ። ሥራው እዚያ ያሉ ልጆችን ጉዳት እንደቀነሰ በጥናት ተረጋግጧል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል።

እኛ ጋ ቁጥሮቹ ራሳቸው አይተዋወቁም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመንገድ ደህንነት ሪፖርት ላይ ለ2016 ከኢትዮጵያ የተመዘገበው የመንገድ አደጋ ሞት ከ4,300 ትንሽ ይበልጣል። ድርጅቱ ራሱ የገመተው ከ27,000 በላይ ነው። ስድስት እጥፍ! ግምቱ ላይ መከራከር ይቻላል፣ ግን የሞተ ሰው ቁጥር ላይ እንዲህ ከተራራቅን ተሰብሮ የዳነ ልጅማ ማን ይቆጥረዋል? አዲስ አበባ መንገድ ላይ ከሚሞቱት ብዙዎቹ እግረኞች መሆናቸው ግን አያከራክርም። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ዓለም ላይ ዋናው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ መሆኑም እንደዚሁ። ማለትም ይሄንን በስልካችሁ የምታነቡት እናንተም ውስጡ ናችሁ።

ኮሪደር ልማቱ በተሠራባቸው ቦታዎች የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ይሄ ለልጆች ጥሩ ነው፣ እንላለንም። ግን ትምህርት ቤቱ ያለው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፣ ልጁ የሚያቋርጠው አዲስ ሠፈር ዳር ያለውን ቀለበት መንገድ ነው። የትኛው ትምህርት ቤት በር ላይ ቅድሚያ ይሠራ? የሚለውን ለመወሰን የሆስፒታል ካርድ ላይ አንድ መስመር፣ «የት?» የምትል፣ በቂ ነበረች።

ስለዚህ ከባለሥልጣናት ምን እንጠብቅ ብለን ስናስብ ትልቅ ነገር አልመጣልንም። ድንገተኛ ክፍሎች የጉዳቱን ቦታ ይመዝግቡ፣ በወር አንዴ ለክፍለ ከተማው ይላኩ። ወጌሾች በወረዳ ደረጃ ይታወቁ፣ በዓመት አንድ ቀን ይሠልጥኑ፣ ወደ ሆስፒታል ስለላኩ ይመስገኑ። ልጅ ከሆስፒታል ሲወጣ የተሐድሶ ቀጠሮው አብሮ ይሰጠው፣ ሲቀር ይደወልለት። ይሄ ግን አንድ ስም ያለው ሰው ይፈልጋል። «ቅንጅት» የሚለው ቃል ስብሰባ ላይ ሲነገር ብዙ ጊዜ የማንም ሥራ አይሆንም። እኛ ኮሚቴ ሌላ አንጠይቅም፣ በየሆስፒታሉ ስልክ የሚደውል አንድ ሰው ይበቃል። ሐኪሞች እንዲህ ቀላል አይደለም ሊሉን ይችላሉ፣ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለምን እንዳልሆነ ቢያስረዱን እዚሁ ገጽ ላይ እናወጣዋለን።

እስከዚያ ድረስ ሁለት ቁጥር ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939። ለታናናሾቻችሁም አስይዟቸው፣ ቤት ብቻቸውን የሚውሉት እነሱ ናቸው።

ቡሄና እንቁጣጣሽ እየመጡ ነው፣ ችቦ አለ። ጉድጓዶቹ ግን ዛሬ እየሞሉ ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ተቆፍሮ ሳይታጠር የተተወ፣ ውሃ የያዘ ጉድጓድ ካለ የቦታውን ስም፣ ክፍለ ከተማና ወረዳውን፣ ከተቻለም ፎቶ በውስጥ መስመር ላኩልን። ልጆች ፎቶው ውስጥ አይግቡ። እስከ ሐምሌ 15 የደረሰንን ዝርዝር አትመን ለየወረዳው እናስገባለን፣ የተቀበለበትን ቀንና ማኅተም እዚህ እንለጥፋለን። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተመልሰን የትኛው እንደተደፈነ፣ የትኛው እንዳልተደፈነ እናያለን።